ልጓሙ ሲታሰርም ይሸጣል፣ ሲፈታም ይሸጣል

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲቢአር 1000 አርአር የተባለውን የስፖርት ሞተር ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ ዕቃው በሁለት መልክ ወጣ። ለውጭ አገር ገዥ የተላከው 172 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለጃፓን ገዥ የቀረበው ግን 94 ብቻ ነበር። ስሙ አንድ ነው፣ የሞተሩ መጠን አንድ ነው፣ ሲታይም አንድ ነው። በዚያ ዓመት የገዛ አገሩን ምርት በአገሩ የገዛ ጃፓናዊ የደረሰው ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ ነው።

ልዩነቱ ከምህንድስና ችሎታ ማነስ የመጣ አልነበረም። ፋብሪካው መሥራት የሚችለውን ሠርቶ ካበቃ በኋላ ለአንዱ ገበያ ለቀቀው፣ ለሌላው ልጓም አስገባለት። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለመገመት የኢኮኖሚክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ዕቃ በሁለት ደረጃ ሲወጣና በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በመፍቻና በካቻቪቴ የሚዘጋ ሲሆን፣ እዚያ ርቀት ላይ ገበያ ይቆማል። አስመጪው፣ ጋራዡ፣ የመለዋወጫ ነጋዴውና ደላላው ከዚያ ገበያ የየድርሻቸውን ወስደዋል። ኪሳራው ተሰብስቦ የወደቀው በመጨረሻው ገዥ ላይ ነው።

ስለ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ክርክር ‹‹ጉልበት ይገደብ›› ወይም ‹‹ይለቀቅ›› በሚል ሁለት ጎራ የተከፈለ ነበር። የነገሩ ፍሬ ግን ከዚህ ለየት ይላል። ጉልበትን መፍታት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሥራው በስውር እንዲሠራ የሚያስገድድ ሥርዓት መኖሩ ነው።

ገደቡ ከየት መጣ?

በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1978 ነገሩ የተጀመረው በስምምነት ነው። ሆንዳ 105 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሲቢኤክስ፣ ካዋሳኪ ደግሞ 120 ያለውን ዜድ 1300 ይዘው ብቅ ባሉበት ወቅት አምራቾችና አስመጪዎች ከ100 በላይ ላለመሸጥ በፈቃዳቸው ተስማሙ። ሕግ ወጥቶባቸው አይደለም፤ ሕግ እንዳይወጣባቸው ቀድመው ነው። ስምምነቱ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ዘልቋል።

የጃፓን ፋብሪካዎችም በአገራቸው ገበያ ላይ ራሳቸውን ገደቡ። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከ750 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ብስክሌት ለአገር ውስጥ ገዥ አያቀርቡም ነበር። ይህ ሲላላ ደግሞ የጉልበት ጣሪያ ተተካ፤ ለ250 ሲሲ 45፣ ለ400 ሲሲ 59፣ ለ750 ሲሲ 77፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 100 የፈረስ ጉልበት። የአነስተኛዎቹ ጣሪያ በ1990ዎቹ እንደገና ዝቅ ተደርጓል። ይህ ሁሉ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ፈረንሳይ ከሁሉም የተለየ መንገድ መረጠች። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የ100 የፈረስ ጉልበት ጣሪያን በሕግ ደነገገች። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮች ከ74 ኪሎዋት በላይ የሆነውን እንዲከለክሉ ሲፈቅድ፣ ፈረንሳይ ይህንን በር ይዛ ለሁለት አሥርት ዓመታት ቆየች። በሩ የተዘጋው እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 168/2013 ነው። ፈረንሳዮች ጉልበት መፍታትን የሚጠሩበት ቃል ትርጉሙ ‹‹ልጓም ማውለቅ›› መሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ያቀልለታል። ጉልበቱ በፈረስ ከተለካ መከልከያውም ልጓም መባሉ ተገቢ ነው።

በመፍቻ የሚወልቅ ልጓም

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው አየርና ነዳጅ አቃጥሎ ስለሆነ ጉልበቱን ለመቀነስ ቀላሉ ዘዴ ጉሮሮውን ማነቅ ነው። ፋብሪካዎቹም ይህንኑ አደረጉ። በአንዳንዱ ላይ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው የአየር መግቢያ ላስቲክ ቀዳዳው ጠበበ። በሌላው ላይ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው እንዳይከፈት ማቆሚያ ተበየደለት ወይም ቡሎን ገባለት። አንዳንዱ የጭስ መውጫ ቱቦው ውስጥ ቀለበት ተደረገለት። ሌላው በኤሌክትሪክ ሳጥኑ አማካይነት ከተወሰነ ዙር በላይ፣ ወይም በተወሰኑ ማርሾች ላይ ብቻ፣ የእሳቱ ሰዓት እንዲዘገይ ተደረገ።

ያማሃ ቪማክስ ጥሩ ማሳያ ነው። የዚህ ሞተር ብስክሌት ዝና የመጣው ዙሩ ከፍ ሲል ሁለት ካርቡሬተሮች አንድ ሲሊንደር እንዲመግቡ ከሚያደርግ ቪቡስት ከሚባል መሣሪያ ነው። ለውጭ የተላከው 145 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ለጃፓን የቀረበው ያለዚህ መሣሪያ 97 ይሰጥ ነበር። ገዥው ዝናውን ገዝቶ ዝናውን ያመጣውን ዕቃ አላገኘም ማለት ነው።

ከእነዚህ ልጓሞች አብዛኞቹ የረቀቀ ጥበብ የሚጠይቁ አልነበሩም። ላስቲክ መለወጥ፣ ማቆሚያ መሞረድ፣ ቀለበት ማውጣት የአንድ ጋራዥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፋብሪካው ሲሠራቸው በቀላሉ እንዲወልቁ አድርጎ መሥራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ሞተር ሠርቶ ለብዙ ገበያ መሸጥ የሚቻለው ልዩነቱ በጥቂት ርካሽ ዕቃዎች ሲያልቅ ነው። ገደቡን ቃል የገባው አምራች ገደቡ በቀላሉ እንደሚወልቅ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ባሕሩን ሁለት ጊዜ የተሻገረ ዕቃ

ነጋዴ የሚባል ሁሉ ሊመለከተው የሚገባው የጃፓንን የ‹‹ተመላሽ አስመጪነት›› ንግድ ነው። በጃፓን የተሠራው ሙሉ ጉልበት ያለው ሞተር ብስክሌት እንደ ውጭ አገር ሞዴል ተመዝግቦ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ውጭ ዕቃ ተቆጥሮ ወደ ጃፓን ተመልሶ ይገባል። ገደቡ የአምራቾች ስምምነት እንጂ የአገሪቱ ክልከላ ስላልነበረ ተመልሶ የገባው ዕቃ ሕጋዊ ሰሌዳ ያወጣ ነበር። ለዚሁ ንግድ የቆሙ ድርጅቶች ነበሩ፤ ለያማሃ ፕሬስቶ፣ ለካዋሳኪ ብራይት የታወቁ ናቸው። ብዙ የስፖርት ሞተር ብስክሌት ወዳጅ የአገሩን ምርት የገዛው ከእንደነዚህ ዓይነት አስመጪዎች ነው።

በዚህ ንግድ ማን ምን አገኘ? አምራቹ ‹‹ገደቡን አክብሬአለሁ›› የሚል መልካም ስም አገኘ፤ ዕቃውንም ሸጠ። አስመጪው የማጓጓዣውንና የወረቀቱን ሥራ ሠርቶ ትርፉን ጨመረበት። ገዥው የዕቃውን ዋጋ፣ የጉዞውን ወጪና የአስመጪውን ትርፍ ከፈለ። ዋስትናውና የመለዋወጫ አቅርቦቱም ከተራው የፋብሪካ ወኪል ሳይሆን ከአስመጪው ዘንድ የሚጠየቅ ሆነ። በመንገድ ላይ የነበረው ባለ ሙሉ ጉልበት ሞተር ብስክሌት ግን በስምምነቱ ምክንያት አልጠፋም። የጨመረው ዋጋው ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ገደብ ለመንግሥት ካዝና አንዲት ሳንቲም የማያስገባ ቀረጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጀርመን ደግሞ ገበያው የቆመው በኢንሹራንስ ታሪፍ ላይ ነበር። የመድን ክፍያ በፈረስ ጉልበት እርከን ስለሚሰላ 27 እና 50 የፈረስ ጉልበት የሚሉ ቁጥሮች በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የዘወትር ቃላት ሆኑ። ያው ሞተር ብስክሌት በ27 ሲመዘገብ ክፍያው ይቀንሳል፤ በ50 ሲመዘገብ ይጨምራል። በ27 አስመዝግቦ በ50 ለመንዳት መፈተን ከዚህ ይመጣል። በብሪታንያም ገበያው ተገልብጦ ታየ። ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ባለቤት ለሁለት ዓመት 33 የፈረስ ጉልበት ጣሪያ ተደርጎ በነበረበት ጊዜ፣ ትልቅ ሞተር ብስክሌት የገዛው ወጣት ልጓም ለማስገባትና የምስክር ወረቀት ለማግኘት ይከፍል ነበር። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ለማስወለቅ እንደገና ጋራዥ ይገባል። ልጓሙ ሲታሰርም ይሸጣል፣ ሲፈታም ይሸጣል።

ሊብሬው የማያውቀው ጉልበት

እስካሁን የተነገረው የዋጋ ነገር ነው። ከዋጋው የከፋው የኃላፊነት ነገር ነው። በገደብ አገር በስውር የተፈታ ሞተር ብስክሌት ሁለት ማንነት አለው፤ በሊብሬው ላይ 100 የፈረስ ጉልበት፣ በመንገድ ላይ 150። አደጋ እስካልደረሰ ድረስ ሁለቱ ተቻችለው ይኖራሉ። አደጋ የደረሰ ዕለት ግን የኢንሹራንሱ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈትሸው ይህንን ልዩነት ነው።

በአውሮፓ አሠራር የተጎዳው ሦስተኛ ወገን ካሳውን እንዲያገኝ ይደረጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የከፈለው ወገን ዕቃውን በሐሰት ባስመዘገበው ባለንብረት ላይ ዞሮ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል። ዕድሜ ልክ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሰው ተጎድቶ ከሆነ የሚጠየቀው ገንዘብ የሞተር ብስክሌቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያህላል። የገዛ ንብረቱና የገዛ አካሉ ጉዳትማ ጨርሶ ላይካስ ይችላል። በጀርመን ጉልበቱ ተለውጦ በወረቀቱ ላይ ያልገባ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ያጣል። በፈረንሳይ ደግሞ ሕጉ የሚጠነክረው በነጋዴው ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት ከተፈቀደለት በላይ እንዲሮጥ ወይም ጉልበት እንዲሰጥ የሚያደርግ ሥራ የሠራ ወይም መሣሪያ የሸጠ ባለሙያ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 30 ሺህ ዩሮ ቅጣት ሊደርስበት ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ገዥ ነው። ልጓሙን ያስወለቀው ሰው ቢያንስ ያውቃል። ከእሱ በደላላ በኩል የገዛው ሰው ግን በሊብሬው ላይ የተጻፈውን አምኖ ኢንሹራንስ ይገባል። ሻጩ ‹‹ሞተሩ ጉልበታም ነው›› ብሎ ሲያሞግስለት ደስ ብሎት ይፈርማል። ‹‹በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ›› የተባለው ለእንደዚህ ያለው ገዥ ነው።

የቴክኒኩም ነገር አብሮ ይታያል። ሥራው በስውር ሲሠራ የሚሠራው በከፊል ነው። አየሩን ለቅቆ የነዳጁን መጠን ያላስተካከለ ጋራዥ ሞተሩን ለሙቀት ያጋልጠዋል። ጎማም በፍጥነት ደረጃ ይለያያል፤ ኤች የሚል ምልክት ያለው ለ210፣ ቪ የሚል ለ240፣ ደብልዩ የሚል ለ270 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተሠራ ነው። በአነስተኛ ጉልበት ተመዝግቦ አነስተኛ ጎማ የገጠመ ሞተር ብስክሌት ልጓሙ ሲወልቅ ጎማው ከሚችለው በላይ ሊሄድ ይችላል። የተመዘገበ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህንን የሚያይ መርማሪ በኖረ ነበር።

ደኅንነትስ?

ገደቡን የሚደግፉ ወገኖች ቀላል ክርክር የያዙ አይደሉም። የሞተር ብስክሌት አደጋ ወጣቱን ይቀጥፋል፤ ከባድ ጉልበትም በአንድ የእጅ ዙር ሰውን ካልገመተው ፍጥነት ላይ ያደርሰዋል። ይህንን የሚክድ ሰው ሞተር ብስክሌት የማያውቅ ነው።

ጥያቄው ግን የ100 የፈረስ ጉልበት ጣሪያ ይህንን አደጋ አቁሟል ወይ የሚለው ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የስፖርት ሞተር ብስክሌት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በፈረንሳይ አውራ ጎዳና የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ 130 ነው። ስለዚህ ጣሪያው ሕግ ማክበርን አላስገደደም፤ ሕግ መጣስ የሚቻልበትን መጠን በጥቂቱ ቀነሰ እንጂ። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ቲኤንኦ በተባለው የኔዘርላንድስ የምርምር ተቋም ያስጠናው ጥናትም በሞተር ጉልበትና በአደጋ መካከል ገደቡን የሚደግፍ ሳይንሳዊ ማስረጃ አላገኘም። ጣሪያው በመጨረሻ ሲነሳ ክርክሩን ከረቱት ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው።

አምራቾቹ ራሳቸው በፍጥነት ላይ ያደረጉትም ገደብ አለ። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ሃያቡሳን አውጥቶ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ፣ መንግሥታት ጣልቃ እንዳይገቡ በመስጋት የጃፓንና የአውሮፓ ፋብሪካዎች በ299 ለመቆም በቃል ተግባቡ። ይህም ቢሆን የሕዝብ ግንኙነት ሥራ እንጂ የደኅንነት ሥራ አይደለም። በ299 የሚጋጭና በ310 የሚጋጭ ሰው ዕጣቸው አንድ ነው።

የሚሠራ ገደብ የለም ማለት ግን አይደለም። የሚሠራው ከማሽኑ ይልቅ ከሰውየው ልምድ ጋር የታሰረው ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመንጃ ፈቃድ መመሪያ ኤ2 የሚባል እርከን አለው። ከ18 ዓመት ጀምሮ የሚወጣው ይህ ፈቃድ ከ35 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ48 የፈረስ ጉልበት ያልበለጠ ሞተር ብስክሌት ብቻ ያስነዳል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ተጨማሪ ፈተና ወይም ሥልጠና አልፎ ወደ ሙሉ ፈቃድ ይታደጋል። እዚህ ላይ ልጓሙ ምክንያት አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ሲወልቅም የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት አለ።

ገበያው እዚህም ቢሆን ቀዳዳ መፈለጉን አልተወም። መመሪያው ወደ 35 ኪሎዋት የሚወርደው ሞተር ብስክሌት የመጀመሪያ ጉልበቱ ከእጥፍ፣ ማለትም ከ70 ኪሎዋት መብለጥ የለበትም ይላል። ካዋሳኪ 125 የፈረስ ጉልበት ያለውን ዜድ 900 በ70 ኪሎዋት የተወሰነ ልዩ ሞዴል አድርጎ አቀረበው። ይህ ግን በግልጽ የቀረበ፣ በወረቀት የተጻፈና ገዥው አውቆ የገዛው ነው። መስመሩ ምክንያታዊ ሲሆን ነጋዴ መስመሩን ተከትሎ ይሠራል፤ ምክንያት ሲያጣ መስመሩን ዘሎ ይሠራል።

ለአዲስ አበባው ነጋዴ

ይህ ሁሉ የፈረንሳይና የጃፓን ወሬ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በቁጥር የተሰመረ መስመር ገበያን እንዴት እንደሚቀርጽ የአዲስ አበባ የመኪና ነጋዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ለአውቶሞቢሎች መስመር ሲያሰምር እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ። ከዚያ ወዲህ ‹‹ስንት ሲሲ ነው?›› የሚለው ጥያቄ ‹‹ስንት ዓመቱ ነው?›› ከሚለው ቀድሞ የሚጠየቅ ሆነ። ቪትዝን የመሳሰሉ አነስተኛ መኪኖች ከተማዋን የሞሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በበኩሉ ዕድሜን ከሲሲው ጋር ደርቦ ሲያስከፍል የደላላው ጥያቄ ቅደም ተከተል እንደገና ተለወጠ።

የሚመጣው ዘመን ደግሞ ጥያቄውን ከሲሲ አውጥቶ ወደ ሶፍትዌር ያስገባዋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ አዘንብሏል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጉልበቱም ፍጥነቱም የሚወሰነው በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ ባለ መመሪያ ነው። እዚህ ላስቲክ የሚለውጥ መፍቻ አያስፈልግም፤ ኮምፒዩተርና ገመድ ይበቃል። ልጓሙን ያወለቀው ሰው የእጅ አሻራ በዓይን አይታይም። ሲሲን ከሞተሩ አካል ላይ ማንበብ የለመደ ደላላ ይህንን በምን ያነባል?

መደረግ ያለበት

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ያደረገችው ከሁሉም የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ጣሪያው ለአዲሶቹ ሲነሳ ቀደም ሲል ተገድበው የተሸጡትን በጅምላ አልለቀቀቻቸውም፤ በጅምላም አልከለከለችም። ኤቢኤስ ፍሬን ያላቸው ብቻ፣ በባለሙያ እጅ፣ ሊብሬው ታርሞ እንዲፈቱ ፈቀደች። ጉልበት የጨመረ ማቆሚያውም አስተማማኝ መሆን አለበት፤ ወረቀቱም እውነቱን መናገር አለበት ማለት ነው። ለዓመታት በስውር ሲሠራ የነበረው ሥራ በአንድ ጊዜ ደረሰኝ የሚቆረጥለት ሥራ ሆነ።

ስለዚህ ተሽከርካሪ ተገድቦ በሚሸጥበት በማንኛውም ገበያ ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ ገደቡ ከነምክንያቱና ከነማብቂያው በሊብሬው ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ልጓም ማውለቅ የተፈቀደ፣ የሚመረመርና የሚመዘገብ ሥራ ይሁን፤ ሳይመዘገብ የሠራው ጋራዥ ግን ከባለንብረቱ እኩል ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ሻጭም ሆነ ደላላ ዕቃው ከወረቀቱ የተለየ መሆኑን እያወቀ ከደበቀ ኮሚሽኑን ብቻ ሳይሆን የደረሰውን ኪሳራ ይመልስ።

እስከዚያው ገዥ ራሱን መጠበቅ አለበት። የውጭ አገር ሊብሬ ያለው ዕቃ ሲቀርብለት ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ይጠይቅ፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን ኪሎዋት ከፋብሪካው መግለጫ ጋር ያስተያይ፤ ልዩነት ካየ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያስረዳው ያድርግ። ሐቀኛ ሻጭ ይህንን ለመጻፍ አይቸገርም። የሚቸገረውን ሻጭ ደግሞ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ትቶት መሄድ ያዋጣል።